ዶርም ውስጥ ሰባት ጥያቄ ጠይቄ ነበር

የአራተኛ ዓመቷ

ሰላም ጓዶች። የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ጸደቀልኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ መካንነት ምን ያህል ያውቃሉ የሚል ነው። መጠይቁን ከመበተኔ በፊት ልሞክረው ብዬ ትናንት ማታ ለዶርም ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ሁለት የክፍላችን ወንዶችንም በስልክ አስገባኋቸው። በሃያ ደቂቃ ያልቃል ያልኩት ነገር እስከ እኩለ ሌሊት አጨቃጨቀን።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ጥንዶች ምን ያህል ጊዜ ሞክረው ካልሆነ ነው የመውለድ ችግር አለ የሚባለው?
2. ሴት ማርገዝ የምትችለው በየትኞቹ ቀናት ነው?
3. ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው በማን በኩል ነው?
4. የሴት የመውለድ አቅም መቀነስ የሚጀምረው በስንት ዓመቷ ነው?
5. የእርግዝና መከላከያ መካን ያደርጋል?
6. አንዴ የወለደ ሰው መካን ሊሆን ይችላል?
7. አይቪኤፍ (እንቁላልና ዘርን ከሰውነት ውጭ አገናኝቶ ማህፀን ውስጥ ማስገባት) እያለ ስለ ዕድሜ መጨነቅ ያስፈልጋል?

ለመጀመሪያው አንዷ «አምስት ዓመት» አለች። ሌላዋ «ሦስት ወር» አለች። ለሦስተኛው ወንዶቹ ሳያስቡ «የሴቷ» አሉ። ለአምስተኛው የፋርማሲ ተማሪዋ፣ አዎ የፋርማሲ፣ «ፖስት ፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደውን ድንገተኛ መከላከያ) ከሦስት ጊዜ በላይ የወሰደች አበቃላት» ብላ ማለች። ስድስተኛውን ሁሉም ሳቁበት። «ከወለደ በኋላ እንዴት መካን ይባላል?»

እኔም አልኮራም። ማንበብ ከመጀመሬ በፊት ሦስቱን ተሳስቼ ነበር። እስቲ እናንተ ጎግል ሳታደርጉ ሞክሩት።

ሌሊት ወፍ

እኔ ልጀምር። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ፣ ይቅርታ አስቀድሜ።

1. ሁለት ዓመት። 2. የወር አበባ እንደሄደ ወዲያው። 3. የሴ... ቆይ፣ ይሄ ወጥመድ ነው። ግማሽ ግማሽ። 4. 45። 5. አዎ። 6. አይችልም። 7. አያስፈልግም፣ ለዚህ ነው የተፈጠረው።

ስንት አገኘሁ?

የአራተኛ ዓመቷ

አንድ። እሱንም በተንኮል።

ደረቅ እውነት

እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። 21 ዓመቴ ነው። የሚያስፈራኝ ማርገዝ እንጂ አለማርገዝ አይደለም። የወር አበባዬ ሁለት ቀን ሲዘገይ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ስለ መካንነት የሚያስበው ያገባ ሰው ነው። በዚህ ዕድሜ ለምን እንጠየቃለን?

የአራተኛ ዓመቷ

የርዕሴ መነሻ ይሄው ያልሽው ነው። እስከ ዛሬ የተማርነው ሁሉ እንዴት እንዳናረግዝ ነው። በራሪ ወረቀቱም፣ ክበቡም፣ የባዮሎጂ መምህሩም። ከዚያ የተረፈንን ትምህርት ራሳችን ሞላነው፦ «በፈለግኩ ቀን ይሆናል»።

ያገቡት ደግሞ የሚያውቁ አይምሰልሽ። የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ79 አገሮች ከ10,000 በላይ ሰዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱን አወጡ። 13 ጥያቄ ነበር። አማካይ ውጤቱ 57 በመቶ ገደማ ሆነ። የተጠየቁት ደግሞ ያኔ ልጅ ለማግኘት እየሞከሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው! ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከታቸው።

በተማሪዎች ላይ ከተሠሩት ውስጥ ብዙ የሚጠቀሰው የስዊድኑ ነው፣ ኡፕሳላ ላይ የተደረገው፣ 2006 የወጣ። ከሴቶቹ ግማሽ ያህሉ ከ35 ዓመት በኋላም ልጅ የመውለድ ዕቅድ ነበራቸው። ይሄ በራሱ ምንም ችግር የለውም። ችግሩ በዚያ ዕድሜ የማርገዝ ዕድሉ ምን ያህል እንደሚቀንስ በቂ ግንዛቤ ያልነበራቸው መሆኑ ነው። ዕቅዱ ሌላ፣ እውቀቱ ሌላ።

ባለ ማይክሮስኮፑ

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አንደኛውንና ሦስተኛውን ልውሰድ፣ የኔ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው 12 ወር ነው። ያለ መከላከያ፣ መደበኛ ግንኙነት እያለ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ካልተረገዘ። ሴቷ ከ35 በላይ ከሆነች ግን ስድስት ወር ጠብቆ መታየት ይመከራል። ሦስት ወር ላይ መደንገጥ አያስፈልግም፤ አምስት ዓመት መጠበቅ ደግሞ ጊዜን በእሳት ማቃጠል ነው። በነገራችን ላይ ከ100 ጥንዶች 85 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሳካላቸዋል።

አሁን ሦስተኛው። ከጥንዶቹ 20 በመቶ ያህሉ ላይ ችግሩ የወንዱ ብቻ ነው። በሌላ 30 በመቶ ያህሉ ላይ ደግሞ ከሴቷ ጋር አብሮ የእሱም አለበት። ደምሩት። ሌሊት ወፍ በተንኮልም ቢሆን አግኝቶታል።

ግን ወረቀት ላይ ያለው ሌላ፣ በር ላይ የማየው ሌላ። ሴቷ ትመጣለች፣ በእጇ ወፍራም ፋይል ይዛ። የሆርሞን ምርመራ አድርጋለች። አልትራሳውንድ ተነስታለች። የማህፀን ቱቦዎቿ ክፍት መሆናቸውን ለማየት ቀለም ተረጭቶ ራጅ ታይታለች፣ ያ ደግሞ ያማል። ባልየውስ? «እሱ ጤነኛ ነው።» ተመርምሮ? «አይ፣ ጤነኛ ነው።» ከሁሉም ምርመራ ቀላሉ የወንዱ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና ይሰጣል፣ አለቀ። መርፌ የለው፣ ሕመም የለው። ሆኖም በዓይኔ ያየሁት፣ ሁለት ዓመት እሷ ስትመላለስ ቆይታ እሱ መጨረሻ ላይ በልመና ሲመጣ ነው።

ሌላው ነገር፣ ወንዶች «ወሲብ ላይ ችግር የለብኝም» ይላሉ። ወንድ ግንኙነት መፈጸም መቻሉና የዘር ፈሳሹ ውስጥ በቂ ዘር መኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዓይን አይታይም። ፈሳሹ ብዛቱም መልኩም ልክ ሆኖ ውስጡ አንድም ዘር ላይኖር ይችላል።

ሌሊት ወፍ

ስንት ነው ልክ የሚባለው? ለጠቅላላ እውቀት ነው የምጠይቀው።

ባለ ማይክሮስኮፑ

ለጠቅላላ እውቀት እሺ።

የ2021 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ዝቅተኛ መነሻዎችን ያስቀምጣል። ፈሳሹ 1.4 ሚሊ ሊትር። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 16 ሚሊዮን ዘር። ከእነሱ 42 በመቶው የሚንቀሳቀስ። ቅርጹ የተስተካከለው 4 በመቶ ከሆነ በቂ ነው። አዎ፣ አራት። 96ቱ ቅርጹ የተዛባ ሆኖም ሰው አባት ይሆናል። ውጤቱን ሲያነቡ «አራት በመቶ» ላይ ደርሰው የሚያለቅሱ ስላሉ ነው የምናገረው።

እነዚህ ቁጥሮች የፍርድ ወረቀት አይደሉም። ከእነሱ በታች ሆኖ የወለደ አለ፤ በላይ ሆኖ የተቸገረ አለ። አንድ ምርመራ ብቻውንም አይበቃም። ዘር ተሠርቶ እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የምታየው ውጤት ያለፉትን ሦስት ወራት ኑሮህን ነው። ትኩሳት አሞህ ነበር? ሲጋራ? መጠጥ? ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ።

ብረት ገፊ

ይሄን ውይይት ሁለት ቀን እያየሁ ዝም ብዬ ነበር። ልጻፈው በቃ።

23 ዓመቴ ነው። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ጂም ጀመርኩ። ስድስት ወር ሠርቼ ለውጥ አጣሁ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ መርፌ አሳየኝ። ቴስቶስትሮን ነው፣ ሰውነትህ ውስጥ ያለው ነው፣ ምንም አያደርግም አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሠራ። ደረቴ ወጣ፣ ክንዴ ሞላ። አንድ ዓመት በላይ ወሰድኩ። የወንድ ሆርሞን አይደል፣ ወንድነት ቢጨምር እንጂ ይቀንሳል ብሎ ማን ያስባል?

ከዚያ ቆለጤ እያነሰ መሄዱን አስተዋልኩ። ለማንም አልነገርኩም። ለማን ይነገራል? አፍሬ አፍሬ በመጨረሻ ሄድኩ። የዘር ምርመራ ታዘዘልኝ። ውጤቱ ዜሮ ነበር። ትንሽ ሳይሆን ዜሮ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ወጥቼ የአልጀብራ ፈተና ተፈተንኩ። ምን እንደጻፍኩ አላውቅም።

መርፌውን ካቆምኩ ዘጠኝ ወር ሆኖኛል። ከስድስት ወር በኋላ ስመረመር ጥቂት መጥተዋል። ከመነሻው በታች ነው ግን መጥተዋል። ባለ ማይክሮስኮፑ፣ ወንድሜ፣ እስቲ ለምን እንዲህ እንደሚሆን አስረዳልኝ። ሐኪሙ የነገረኝ ያን ቀን በጆሮዬ አልገባም።

ባለ ማይክሮስኮፑ

ስለጻፍከው አመሰግናለሁ። ይሄ ብዙ ልጅ ያድናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆለጥ ሥራውን የሚሠራው አንጎል ሲያዘው ነው። አንጎል ደም ውስጥ ያለውን ቴስቶስትሮን ይለካል። ከውጭ በመርፌ ሲገባለት «ሞልቷል» ብሎ ትእዛዙን ያቆማል። ትእዛዝ ሲቆም ቆለጥ የራሱን ሆርሞን ማምረት ይተዋል። ዘር ለመሥራት የሚያስፈልገው ደግሞ እዚያው ውስጥ በከፍተኛ መጠን የሚመረተው ነው እንጂ በደም የሚዞረው አይበቃም። ጡንቻህ ጠገበ፣ ፋብሪካው ተዘጋ።

እንዲያውም በ1990ዎቹ አካባቢ የዓለም ጤና ድርጅት ቴስቶስትሮንን በየሳምንቱ በመርፌ እየሰጠ የወንድ እርግዝና መከላከያ ሊሆን ይችል እንደሆነ በጥናት ሞክሮታል። መከላከሉን በሚገባ ይከላከላል! ጂም ውስጥ የሚሸጥልህ ልጅ ይሄን አይነግርህም።

አብዛኛው ሰው ካቆመ በኋላ ይመለስለታል። ለአንዳንዱ ስድስት ወር፣ ለአንዳንዱ አንድ ዓመት፣ ለአንዳንዱ ሁለት። ሙሉ በሙሉ የማይመለስለትም አለ። አንተ ጀምሮልሃል፣ ክትትልህን እንዳታቋርጥ። ማስጀመሪያ ነው ተብሎ ሌላ መድኃኒት ከጂም ልጅ እንዳትቀበል ደግሞ፣ አደራ።

ሌሊት ወፍ

ላፕቶፔን ከጭኔ ላይ አውርጃለሁ።

ባለ ማይክሮስኮፑ

ጠረጴዛ ላይ አድርገው። ቆለጥ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ሁለት ሦስት ዲግሪ ቀዝቀዝ እንዲልለት ነው። በላፕቶፕ ብቻ መካን የሆነ ሰው አላየሁም ግን። በሲጋራ ላይ ያለህን ጭንቀት ላፕቶፕ ላይ አታባክነው።

ሌላ ልጨምር፦ አንደኛው ቆለጥ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል፣ የተጠማዘዘ የደም ሥር ጥቅል የሚመስል ነገር የሚዳሰሰው ሰው ካለ ይታይ። ቫሪኮሲል ይባላል። ከ100 ወንዶች 15 ያህሉ ላይ አለ። ለመውለድ ከተቸገሩት ውስጥ ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ላይ ይገኛል። ብዙዎቹ ሳያውቁት ይኖራሉ፤ ካስፈለገ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል።

ዝም አልልም

የኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው።

አንደኛ ዓመት ሳለሁ የወር አበባዬ በሦስት ወር አንዴ ነበር የሚመጣው። ጓደኞቼ «ታድለሽ» ይሉኝ ነበር። እኔም የታደልኩ መሰለኝ። ፊቴ ላይ ብጉር፣ አገጬ ላይ ጸጉር ሲወጣ የዕድሜ ነው አልኩ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሄድኩ። አልትራሳውንድ አነሱኝ፣ ደም ወሰዱ፣ ፒሲኦኤስ (የእንቁላል መለቀቅን የሚያዛባ የሆርሞን ችግር) ነው ተባልኩ። ምንድን ነው ስል የታየሁበት ቦታ ያለው ሐኪም «ስታገቢ ተመለሽ» አለኝ። እንዲሁ። ስታገቢ ተመለሽ።

ዶርም ገብቼ ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። «ለመካንነት ከሚዳርጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ» የሚል አገኘሁ። ከዚያ በላይ አላነበብኩም። ስልኬን ዘግቼ አለቀስኩ። በ20 ዓመቴ መካን ነኝ ብዬ ደመደምኩ።

አሁን የሚመጣው ነው ዋናው። መካን ነኝ ብዬ ስላመንኩ ከፍቅረኛዬ ጋር መከላከያ መጠቀም ተውኩ። ምን ያደርግልኛል አልኩ። በአራተኛው ወር አረገዝኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን እዚህ አልጽፈውም።

ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት እንቁላሏ በየወሩ ላይለቀቅ ይችላል። አይለቀቅም ማለት ግን አይደለም። መቼ እንደሚለቀቅ አይታወቅም ማለት ነው። አብዛኞቹ ወይ በራሳቸው ወይ እንቁላል እንዲለቀቅ በሚያደርግ ክኒን ያረግዛሉ። ይሄን ለማስረዳት ለዚያ ሐኪም ሁለት ደቂቃ ይበቃው ነበር።

የአራተኛ ዓመቷ

ዝም አልልም፣ እህቴ... ይሄን አላሰብኩትም ነበር። አለማወቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚገፋ መስሎኝ ነበር። መጠይቄ ላይ «ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት መከላከያ አያስፈልጋትም» የሚል እውነት ወይም ሐሰት ልጨምር ነው፣ ከፈቀድሽ።

ዝም አልልም

ጨምሪው። ከ10 ሴቶች አንዷ ገደማ አለባት፣ አብዛኞቹ ደግሞ አልተነገራቸውም። በየዶርሙ አለች ማለት ነው።

ነጭ ጋዋን

በተማሪዎች ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። አምስተኛውን ልመልስ፣ በየቀኑ ስለሚጠየቅ ተለማምጄዋለሁ።

ክኒን መካን አያደርግም። ስታቆሙት ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ዑደቱ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ወዲያው። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም፣ ሉፕም እንዲሁ፤ ሲወጣ አቅሙ ይመለሳል። ፖስት ፒል መካን አያደርግም፣ ሦስቴም ቢሆን አሥሬም ቢሆን። ዑደት ሊያዛባ ይችላል፣ እንደ ዋና መከላከያ ደካማ ነው፣ ግን ማህፀንም እንቁላልም አያበላሽም። የፋርማሲ ተማሪዋን ሰላም በሉልኝ።

ከእውነት ትንሽ ጫፍ ያለው የሦስት ወር መርፌው ነው። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ማርገዝ እስኪቻል በአማካይ አሥር ወር ገደማ ሊዘገይ ይችላል። ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ወሬው የተነሳው ከዚህ ይመስለኛል። አንዷ መርፌውን አቁማ ስድስት ወር ትጠብቃለች፣ አይሆንም፣ «መርፌው አደረቀኝ» ትላለች። በአሥራ አንደኛው ወር ስታረግዝ ግን ያኛውን ወሬ ማንም አያስተባብልም።

ትልቁ ጉዳይ ግን ይሄ አይደለም። የሚያሳዝነኝ ተማሪዋ መካን እንዳልሆን ብላ ክኒኑን ትተዋለች። ኮንዶምም የለም። ከዚያ ምን ይመጣል? ክላሚዲያ። ጨብጥ። ወይም ያልታሰበ እርግዝናና ንጽሕና በሌለው ቦታ የሚደረግ ውርጃ። የማህፀን ቱቦን ጠባሳ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። የፈራችውን ነገር የምታገኘው በሽሽቷ መንገድ ላይ ነው።

ክላሚዲያ አብዛኞቹ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳይም። አያቃጥልም፣ አይሸትም፣ አያሳክክም። ዝም ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ማህፀንና ቱቦዎቹ ሲቆጡ ኢንፌክሽን ይሆናል፤ ይሄ ሕመም ካገኛቸው ሴቶች ከስምንቷ አንዷ በኋላ ለማርገዝ ትቸገራለች። ቀድሞ ከተገኘ የአንድ ሳምንት ክኒን ነው። መድኃኒቱ ጀርሙን ይገድላል፣ የተሠራውን ጠባሳ ግን አያነሳም። «ሳይሰማኝ ምን አስመረመረኝ» የምትሉ፣ የምነግራችሁ ይሄን ነው። ፍቅረኛውም አብሮ ይታከም፣ አለበለዚያ ተመልሶ ያስይዛታል።

ደረቅ እውነት

ሲስተር እናመሰግናለን፣ ይሄኛው ይጠቅመኛል። አራተኛው ጥያቄ ግን ከጅምሩ ደስ አላለኝም። ሴት ልጅ ትምህርቷን ስትጀምር ሁልጊዜ አንድ ሰው ሰዓት ይዞባት ይቆማል። «ዕድሜሽ ሄደ።» አሁን ደግሞ በሳይንስ ስም። ምን አድርጉ ነው የምትሉን? ዲግሪውን ትተን እንውለድ?

ቀስ በቀስ

እኔ ልመልስልሽ፣ 38 ዓመቴ ነው። ያንን ሰዓት የያዘ ሰው እኔም ጠልቼዋለሁ። ስለጠላሁት ግን ቁጥሩንም ሳላይ አለፍኩ። ስህተቴ ያ ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ይጫንሻል፣ ሌላው መረጃ ነው፣ መረጃው ደግሞ የራስሽ ንብረት ነው።

መረጃው ይሄ ነው። ሴት ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን እንቁላል ይዛ ትወለዳለች። አዲስ አይሠራም። የመጀመሪያ የወር አበባዋን ስታይ 300,000 ገደማ ይቀራታል። በሕይወቷ የሚለቀቁት 400 ወይም 500 ቢሆኑ ነው፤ ሌላው ዝም ብሎ ይከስማል። ክኒን ብትወስጂም ባትወስጂም ይከስማል። በሃያዎቹ ውስጥ በአንድ ወር የማርገዝ ዕድል ከአራት አንድ ያህል ነው። 32 አካባቢ ቀስ ብሎ መውረድ ይጀምራል። ከ37 በኋላ ይፈጥናል። 40 ላይ ከአሥር አንድ ነው። የሚቀንሰው ቁጥሩ ብቻ አይደለም፣ ጥራቱም ነው፤ ጽንስ በራሱ ጊዜ የሚወርደው የሚበዛውም ለዚያ ነው።

ማንም 22 ዓመትሽ ላይ ውለጂ አላለም። እኔ ዶክትሬቴን በመሥራቴ አልጸጸትም። የምጸጸተው 36ን እና 29ን አንድ አድርጌ ስላየሁ ነው። ልዩነቱን ባውቅ ምናልባት እንደዚያው አደርግ ነበር፣ ግን አውቄ። 34 ዓመቴ ላይ የሆነ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ እንቁላሌን አስወጥቼ በቅዝቃዜ ስለማስቀመጥ አስብ ነበር። ያም ዋስትና አይደለም፣ ግን በወጣትነት የተቀመጠ ይሻላል።

ሰባተኛውንም ልጨምር፣ አይቪኤፍ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያዋ ልጅ በዚህ መንገድ የተወለደችው በ1978 እንግሊዝ ውስጥ ነው። ሮበርት ኤድዋርድስ በ2010 ኖቤል የተሸለመው ለዚህ ሥራ ነው። ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን አይቪኤፍ የተዘጋ ቱቦን ይሻገራል፣ ደካማ ዘርን ያግዛል። የእንቁላልን ዕድሜ አይመልስም። ከ40 በኋላ በራሷ እንቁላል የሚሳካላት ጥቂት ናት። መጽሔት ላይ በ47 መንታ የወለደችውን ዝነኛ አይታችሁ ከሆነ፣ እንቁላሉ የማን እንደሆነ መጽሔቱ አይጽፍም።

ደረቅ እውነት

እሺ። የተናደድኩት ቁጥሩ ላይ ሳይሆን የሚነግረኝ ሰው ላይ ነው መሰለኝ። ወንዶቹስ? እነሱ እስከ ሰማንያ ይወልዳሉ አይደል?

ባለ ማይክሮስኮፑ

ዘር ማምረት አያቆሙም። ግን ከ40 በኋላ ጥራቱ ይወርዳል፣ ለማስረገዝ የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል፣ ጽንስ በራሱ የመውረዱ ዕድልም ከፍ ይላል። ቁልቁለቱ እንደ ሴቷ አይፈጥንም እንጂ የነሱም መንገድ ቁልቁለት ነው።

ዘግይቶ የመጣ

ስድስተኛው ጥያቄ ላይ የሳቃችሁበት ሰው እኔ ነኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ አለን። ሁለተኛ ከሞከርን አራት ዓመት አለፈ። ይሄ ሁለተኛ ደረጃ መካንነት ይባላል፤ አንዴ ከተረገዘ በኋላ የሚመጣ። ሁለታችንም ተመርምረናል። የኔም ልክ፣ የሷም ልክ። ሐኪሙ «ምክንያቱ አልታወቀም» አለን። ከተመረመሩት ጥንዶች ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ነው የሚባሉት። ስም ያለው በሽታ ቢሆን የሚሻል ይመስለኛል አንዳንዴ።

ሰው «አንድ አላችሁ አይደል፣ አመስግኑ» ይለናል። እናመሰግናለን። ግን ያመናል። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ።

አንድ ነገር ስለ መጠይቅሽ፣ የአራተኛ ዓመቷ። «መካን» የሚለውን ቃል ተይው። ቃሉ ሲጠራ የሰው ጭንቅላት ውስጥ የምትመጣው ሴት ናት። ሦስተኛው ጥያቄሽ ገና ሳይጠየቅ ተመልሷል። ደግሞ ለዘላለም የተዘጋ በር ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መሠረት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይሄ ችግር ያጋጥመዋል፣ ሀብታም አገርም ድሃ አገርም ብዙ ሳይለያይ። ከእነሱ ብዙዎቹ ኋላ ላይ ወልደዋል። «ለመውለድ መቸገር» በይው። ረዘም ይላል፣ ግን ሰው አይሸሽበትም።

የአራተኛ ዓመቷ

ዛሬ ጠዋት ቀይሬዋለሁ። አማካሪዬ «ሳይንሳዊ ቃሉ መካንነት ነው» ብለው ትንሽ ተከራከሩኝ። ርዕሱ ላይ ይቆይ፣ ጥያቄዎቹ ውስጥ ይቀየር ብለን ተስማማን።

ሦስተኛውንም ቀየርኩት። «በማን በኩል ነው» ከማለት «ጥንዶች ሲቸገሩ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ማን ነው» አልኩት። ለዶርም ልጆች ደግሜ ሳነበው የፋርማሲ ተማሪዋ «ሁለቱም አብረው» አለች። ሰላምታሽን አድርሻለሁ ሲስተር፣ ቀላች።

ሌሊት ወፍ

እኔም ልድገም። ሳላይ ነው የምጽፈው፣ በክብሬ።

1. አንድ ዓመት፣ ከ35 በኋላ ስድስት ወር። 3. ሁለቱም አብረው። 4. 32 ጀምሮ፣ ከ37 በኋላ ፈጥኖ። 5. አያደርግም፣ መርፌው ግን ያዘገያል። 6. ይችላል። ይቅርታ ዘግይቶ የመጣ፣ ስለሳቅነው። 7. ያስፈልጋል።

2. 14ኛው ቀን።

ነጭ ጋዋን

ስድስቱን አገኘህ። ሁለተኛው ተሳስቷል።

ሌሊት ወፍ

ኧረ! 14 ነው፣ መጽሐፍ ላይ አይቻለሁ።

ነጭ ጋዋን

መጽሐፉ የ28 ቀን ዑደት ነው የሳለልህ። እንቁላል የሚለቀቀው ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው። የ35 ቀን ዑደት ያላት ሴት 21ኛው ቀን አካባቢ ማለት ነው። ደግሞ አንድ ቀን አይደለም። የወንድ ዘር ማህፀን ውስጥ እስከ አምስት ቀን ይቆያል፣ እንቁላሉ ግን ከአንድ ቀን አያልፍም። ስለዚህ እንቁላሉ የሚለቀቅበት ቀንና ከሱ በፊት ያሉት አምስት ቀናት፣ በድምሩ ስድስት ቀን። ወደ ኋላ ነው የሚቆጠረው።

ሌሊት ወፍ

ቆይ ሲስተር። የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ ሳላውቅ እንዴት ወደ ኋላ እቆጥራለሁ?

ዝም አልልም

በሦስት ወር አንዴ ለሚመጣባት ደግሞ ቁጠርላት።

የአራተኛ ዓመቷ

ስምንተኛ ጥያቄ ተገኘ። ልጻፈው።